የጥቅምት ማርያም ተረኛ

ጋሽ ፊሊጶስ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከአፉ አውጥቶ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሲከተው አሰፋች ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። በየጠዋቱ ነው። ሰውየው አርባ ዓመት በአቦምሳ መስመር የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ በማንም ላይ ክፉ ቃል የማይወጣው ሽማግሌ ነው። ግን ጥርሱን በሻዩ ይለቀልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል፣ ከዚያ ያንኑ ሻይ እስከ መጨረሻው ይጠጣዋል። "ስኳሩ እታች ነው" ይላል ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"አሁን እኚህ ሰው ናቸው?" አለች አሰፋች በሹክሹክታ።

"ጥርሱም የራሳቸው፣ ሻዩም የራሳቸው" አለች ለሊሴ ዳቦዋን እየቆረሰች። "አንቺን የት ላይ ነከሰሽ?"

አሰፋችን ያልነከሳት ነገር አልነበረም። ይህ የአረጋውያን መኖሪያ በአሰላ የላይኛው ጫፍ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ግቢ ነው። ያም ሆኖ ንፋሱ ሽታውን አይወስድላቸውም፤ ከላይ በረኪና፣ ከበረኪናው ሥር ሽንት፣ ከሽንቱ ሥር ደግሞ ትናንት የተቀቀለ ጎመን። ሰው በተገላበጠ ቁጥር ፍራሹ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። አንዲት ባልቴት የእግር ጥፍሯን የምትቆርጠው ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ልደቱን "ከአረጋውያን ጋር" የሚያከብር ወጣት ኬክ አሸክሞ ይመጣል፤ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ እያንዳንዳቸውን ያጎርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጓንቱን በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። አሰፋች እሁድ እሁድ ራሴን አመመኝ ብላ ተከናንባ ትተኛለች።

ለእሷ ቦታው ጊዜያዊ ነው። ልጇ ባንተአምላክ ያላት እንደዚያ ነው፤ "ለጥቂት ጊዜ ነው እማዬ።" ኢተያ ስልክ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ባሏንም ከቀበረች በኋላ፣ ባንተአምላክ አሰላ ባሠራው ቪላ ሊጦራት ወሰዳት። የኢተያ ጎረቤት በእልልታ ነበር የሸኛት። አምስት ወር ቪላው ውስጥ ኖረች። ከዚያ የባንተአምላክ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሄደ፣ ቪላውን ለአንድ መሥሪያ ቤት አከራየው፣ እሷን እዚህ አመጣት። ጥቂቱ ጊዜ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

ኢተያ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ኢተያ የሚያውቀው አሰፋች በልጇ ቪላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንደምትውል ነው።

ታዲያ በየወሩ በሃያ አንድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ኢተያ ትወርዳለች። እዚያ በወጣትነቷ የገባችበት የማርያም ጽዋ ማኅበር አለ። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በየወሩ አንዷ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተማማሉም። ሲጨርሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን የጽዋ ማሰሮ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባሉ። ጽዋ የተቀበለች ሴት ቤቷን ትከፍታለች። ከዚያ ወዲያ ታመምኩ፣ እንግዳ መጣብኝ፣ ቤቴ አልተመቸም የሚባል ነገር የለም።

ለሊሴም አብራት ትሄዳለች። አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። ለሊሴ ዴራ ጤና ጣቢያ ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነበረች፤ ልጅ አልወለደችም፣ የሌላውን ሰው ልጅ ግን ቆጥራ አትጨርሰውም። "የናንተን ጠላ ፈልጌ መስሎሻል?" ትላለች። "አስፋልትና ስንዴ ልይ ብዬ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ከቆየሁ እኔም ጥርሴን ሻይ ውስጥ መክተት እጀምራለሁ።" ኢተያ ሲደርሱ ለሊሴ መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ቁጭ ትላለች፤ አላፊ አግዳሚውን ስትተርብ ትቆይና ሳይመሽ አብረው ይመለሳሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ አሰፋችን የሚያስቃት ሌላ ነገር የለም።

በመስከረሙ ማርያም ግን ዝናቡ አልወርድም አልቆምም ብሎ ሻይ ቤቷም ተዘግታ ስለነበር፣ ለሊሴ ጫማዋን ጭቃ አድርጋ አሰፋችን ተከትላ የማኅበሩ ቤት ገባች። ባለ ቤቷ የምስራች ነበረች። የምስራች የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ ናት፤ ዓይኗ የሰው ጫማ ላይ ነው የሚያርፈው።

"ይቺስ ማን ናት?" አለች፣ ጫማውን እያየች።

አሰፋች "ጓደኛዬ ናት" ልትል አፏን ከፈተች። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ግን ታውቀዋለች፤ የት ተዋወቃችሁ? የት ትኖራለች?

"ቤት የምታግዘኝ ናት" አለች።

ለሊሴ አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ማስታጠቢያውን ከበሩ ሥር አነሳች፣ አሥራ አንድ ሴት በተራ አስታጠበች። የምስራች እጇን ስትታጠብ "ውሃው ይሙቅልኝ እንጂ" ብላ መለሰቻት፤ ለሊሴም ሄዳ አሙቃ መጣች። ምግቧን ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በላች። አሰፋች የጎረሰችውን ዋጠች፣ ሳቀችም።

ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ተረኛዋ ፅጌረዳ የለችም፤ ዳሌዋን ተሰብራ አዲስ አበባ ተኝታለች። ማን ይውሰድ ተባለ። ሁሉም ቤት አንድ ነገር ነበረበት።

"እኔ የምለው" አለች የምስራች፣ "ቪላ እያለ በኛ ጠባብ ቤት ለምን እንጨናነቃለን? የአሰፋች ተራ ገና መጋቢት ላይ ነው። ግን መቼም ሳናየው ልንሞት ነው። ወይስ ምራትሽ እግረኛ አታስገባም?"

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ እስክትታነቅ ነው የሳቀችው።

"ስጪኝ" አለች አሰፋች። ተነሥታ ተቀበለችው። እልል እያሉ እስከ ሚኒባሱ ሸኟት።

ለሊሴ ማሰሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ አሰላ መግቢያ ድረስ አልተናገረችም። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር፣ "እትዬ" አለች፣ "ዕረፍት የምወጣው ቅዳሜ ነው እሁድ?"

"ተይኝ ለሊሴ። አምልጦኝ ነው።"

"ጥሩ አድርጎ ነው ያመለጠሽ። ውሃ አሙቂ ካለችኝ ሴትዮ አጠገብ የተቀመጠችውን ቀይዋን አየሻት? ሁለት ልጆቿን እኔ ነኝ ያዋለድኳት። እጄን አላወቀችውም። እኔም ምን ብዬ ልንገራት፣ ጌታዬ!"

ከዚያ በኋላ ለሊሴ ሻይዋን ከጋሽ ፊሊጶስ ጋር መጠጣት ጀመረች።

አሰፋች ማሰሮዋን አልጋዋ ሥር አስገብታ ልጇ ጋ ደወለች። ባንተአምላክ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ለስላሳ ነው።

"እማዬ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ቪላውን ለአንድ ቀን ፈልጌው ነበር። ጥቅምት ማርያም የማኅበር ተራ ይዣለሁ።"

"እንዴ! መሥሪያ ቤት እኮ ነው ያለበት። ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ኮምፒውተር አለ።"

"ጓሮውንስ?"

"እማዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? አንድ ጥሩ ሆቴል አዳራሽ እይዝልሻለሁ። ኬክም አዛለሁ።"

"ጽዋ በሆቴል? ኬክ?"

"ወይም ታመምኩ በያቸው።" "ግን እማዬ፣ እዚያ እንዳለሽ አትንገሪያቸው እሺ? ሰው አይገባውም። እኔን ነው የሚያሙኝ።"

ስልኩን ስትዘጋው እጇ ላይ ቅባት የቀረ ይመስል ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ይህን ልጅ በስልክ ቤቱ ጓሮ ጡት ያጠባችው፣ በሌሊት ፈረቃ ጭኗ ላይ አስተኝታ የሰው ጥሪ ያገናኘችው እሷ ናት። አሁን ግን የልጇ ድምፅ ጋሽ ፊሊጶስ ከሚጠጣው ሻይ ብሶ አስጠላት። ከሁሉ ያስጠላት ደግሞ ትእዛዙ ራሷ ስትፈጽመው የከረመችው ነገር መሆኑ ነው።

ቀኑ እየቀረበ ሄደ። ከከተማ ቤት የሚያውሳት ሰው ፈለገች፤ አንዲት ዘመዷ ጽዳት ላይ ነኝ አለች፣ አንዷ ስልኳን አላነሳችም። አሥር ቀን ሲቀረው ሳትወድ በግድ ለሊሴን አማከረች።

"እዚሁ አድርጊዋ" አለች ለሊሴ፣ ቀና ሳትል።

"እዚህ? ይሄ ሽታ ውስጥ? ጋሽ ፊሊጶስ ጥርሳቸውን በሚያጥቡበት ጠረጴዛ ላይ ጽዋ ላስቀምጥ?"

"ገባኝ። እኛን ትጸየፊያለሽ።"

"እናንተን አላልኩም።"

"ታዲያ ማንን ነው? ጠረጴዛውን ነው?" ለሊሴ ተነሣች። "ስሚኝ እትዬ። አፍንጫሽ የሰው ሽታ ብቻ ነው የሚያሸተው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አንሶላሽን ማን ቀየረው? ጽዳቶቹ መስሎሽ ነበር? እነሱማ እስከ ሦስት ሰዓት አይመጡም። ከመንቃትሽ በፊት ወደ አንድ ጎን አንከባልዬ፣ ላስቲኩን ጠርጌ፣ ደረቅ አንጥፌ የምመለሰው እኔ ነኝ። ደህና የቤት አጋዥ አይደለሁም?"

አሰፋች ለረጅም ጊዜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ ሰው አለመኖሩን አይታ ጎንበስ አለችና የራሷን ፍራሽ አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ ተቀያይሮ ነበር። ወጥታ መጸዳጃ ቤት ገብታ የጠዋት ሻይዋን አስመለሰች።

በማግስቱ የምስራች ጋ ደወለች። ሁሉን ልትነግራት ነበር፤ ግን ያቺ ድምፅ "እህ፣ ቪላው ደህና ነው?" ስትላት ተወችው። "ከላይኛው አስፋልት ወደ ግራ፣ ትልቅ አረንጓዴ በር" ብቻ ብላ ዘጋችው።

ጥቅምት ሃያ አንድ ዓርብ ላይ ዋለ፤ ስለዚህ የጾም ነው። የመኖሪያው ኃላፊ አዳራሹን ፈቅደውላታል። የማእድ ቤቷ ሴት ምስር ወጥና ሽሮ ሠራች፤ ድፎ ዳቦው ከዳቦ ቤት መጣ፤ ጠላውን ለሊሴ ከታች ሰፈር አስጠምቃ አስመጣችው። ለምን እንደረዳቻት አልተናገረችም፣ አሰፋችም አልጠየቀችም። ጋሽ ፊሊጶስ ማንም ሳይነግረው ጢሙን ተላጭቶ፣ የድሮ ኮቱን ለብሶ፣ ጥርሱን አጥልቆ፣ የሠርግ ታዳሚ መስሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሌሎቹም አሥራ አራቱ አረጋውያን ታጥበው ተደርድረዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ቆመና ዘጠኝ ሴቶችና አንድ ቄስ ወረዱ። አሰፋች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የምስራች ከበሩ በላይ የተጻፈውን ቀና ብላ አነበበች። አንድ ጊዜ አሰፋችን፣ አንድ ጊዜ ጽሑፉን አየች። አሁን፣ አለች አሰፋች በልቧ፤ አሁን አለቀ።

የምስራች ግን እልልታዋን አቀለጠችው።

"አንቺ ብሩክ! አየሽ፣ አየሽ ይቺን ሴት! እኛ ቪላ እናያለን ስንል እሷ ነዳያንን አሰበች! ተራዋን ለአረጋውያን ልትዘክር!" አቅፋ ሳመቻት። "ይሄን ያህል ትልቅ ሰው መሆንሽን አላውቅም ነበር!"

ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ። ቄሱ "ይበል፣ ይበል" አሉ። አሰፋች ቆማ ቀረች። ለአንድ ወር እንቅልፍ የነሳት ነገር በአንድ እልልታ ተሸፍኖላት ነበር። ምንም መናገር አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ። ዝም አለች።

ጸሎቱ ተደረሰ፣ ጽዋው ተባረከ። ሴቶቹ ከወንበራቸው ጫፍ ጫፍ ላይ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ያችኛዋ እስክትታነቅ የሳቀችው የብርጭቆዋን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሦስት ጊዜ ጠረገች። ከዳቦው ጠርዝ ጠርዙን ቆንጥረው ለበረከት አሉና አስቀመጡት።

"ሠራተኛሽም አለች!" አለች የምስራች ለሊሴን ስታያት። "በይ፣ እነዚህን ሽማግሌዎች አስታጥቢያቸው፣ ላጉርሳቸው። ስልኬን ማን ይያዝልኝ?"

ቀይዋ ሴት ስልኩን ተቀብላ ቆመች። የምስራች ምስሩን በእንጀራ ጠቅልላ ጋሽ ፊሊጶስ ፊት ቆመች። "አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ። ወደዚህ ዞር ይበሉ፣ ብርሃኑ በዚህ ነው።"

ጋሽ ፊሊጶስ ከአሰፋች ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ። ያ ሁሉ መላጨት፣ ያ ኮት፣ ማኅበር እንደተጠራ ሰው ነበር። እሷ ግን ዝም ስላለች እሱም ዝም አለ። አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ነበርና ጥርሱ ተንሸራተተበት፤ ወጡ በአገጩ ላይ ወረደ። ሴቶቹ "ወይኔ፣ ሲያሳዝኑ!" አሉ። ቀይዋ ሴት እየቀረጸች ነበር። የምስራች ጣቶቿን ቀሚሷን ላለማስነካት ከሰውነቷ አርቃ ዘርግታ መጥረጊያ ፈለገች።

አሰፋች ተጸየፈች፤ ጋሽ ፊሊጶስን ግን አልነበረም።

"የምስራች" አለች። "እጅሽን አውርጂ።"

"ምን?"

"ነዳያን አይደሉም። እኔም አልዘከርኩም። እዚህ ነው የምኖረው። ያ በር ጋ ያለው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው አልጋ የኔ ነው። ዓመት አልፎኛል።"

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ቀይዋ ሴት ስልኩን ዝቅ አደረገች፣ ግን አልዘጋችውም።

"ልጅሽስ?" አለች አንዷ።

"ልጄ ደህና ነው።"

ከዚያ የመጣውን አሰፋች አልጠበቀችውም። ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ይወጣሉ ብላ ነበር። የምስራች ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። በጣም ቶሎ ነው የሞላው። "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" አለችና ወደ ትሪው ጎንበስ ብላ፣ ያንኑ እጇን ሳትታጠብ፣ ከበፊቱ የበለጠ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አሰፋች መጣች። "እህቴ፣ ተደብቀሽ እንዲህ ተሠቃየሽ? በይ እንቺ። አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ምስኪን።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምስራች ስታጎርሳት ኖራለች፤ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር። እንዲህ አጉርሳት ግን አታውቅም። አሁን ጣቶቿ አገጯ ሥር መጥተው ደግፈዋታል፣ እንደ ሕፃን።

አሰፋች አፏን አልከፈተችም።

"እንቺ እንጂ፤ እጄን አትመልሽው።"

አሰፋች ከንፈሯን ገጥማ አየቻት። ወጡ በየምስራች የእጅ አንጓ ወደ እጅጌዋ እየወረደ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ የእግር ጥፍሯን ጠረጴዛ ላይ የምትቆርጠው ባልቴት ሳትቀር፣ ያንን እጅ ያያል። የምስራች ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፤ በመጨረሻ የምታደርገው ስታጣ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ስታላምጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩም። ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ሰጡ። ሲወጡ የምስራች ወደ አሰፋች ሳትጠጋ፣ "ለወደፊቱ ተራ አትያዢ" አለች። "እንዳትቸገሪ። ዝም ብለሽ መጥተሽ በልተሽ ትሄጃለሽ።"

"መጋቢት ተራዬ ነው" አለች አሰፋች። "የማትመጡ ከሆነ ስሜን ፋቁት።"

ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ጠርዝ ጠርዙ የተቆነጠረው ድፎ ዳቦ ቀረ። ጋሽ ፊሊጶስ አገጩን በመሐረቡ እየጠረገ፣ "ጠላው ግን ጥሩ ነው" አለ። ለሊሴ ዳቦውን መቁረስ ጀምራ ነበር። አሰፋች አጠገቧ ስትቀመጥ ጠጋ አላለችላትም።

"ስለ አልጋሽ ነገርሻቸው" አለች ለሊሴ። "ስለ እኔ ግን ምንም አላልሽም። እኔ እስካሁን ሠራተኛሽ ነኝ።"

እውነት ነበር። አሰፋች ተነሣችና ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ሚኒባሱ ሞተሩ ተነሥቶ ከበሩ እየወጣ ነበር። እየሮጠች፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ እየተንገዳገደች ደረሰችበት፤ ቀይዋ ሴት የተቀመጠችበትን መስኮት በመዳፏ መታችው፤ "ሠራተኛዬ አይደለችም!" አለች። "ዋሽቼ ነው! ጓደኛዬ ናት! አዋላጅ ነበረች፤ ያንቺን ልጆች ያዋለደችው እሷ ናት!"

ስትመለስ ለሊሴ ዳቦውን ለሁሉም አድላ ጨርሳ ነበር።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ሰሙሽ?"

አሰፋች ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየች። "መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። እጃቸውን አወዛወዙልኝ።"

ለሊሴ ራሷን ነቀነቀች። አልሳቀችም፤ ግን ዳቦዋን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ወደ አሰፋች ገፋች።

"ማል ጎና እንግዲህ" አለች፤ ምን እናደርጋለን ማለቷ ነው። "መጋቢት ላይ፣ ከመጡ፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ ትነግሪያቸዋለሽ። እስከዚያ ግን አንሶላሽን ራስሽ ቀይሪ።"